ነዛሃት በቀጭን ክር የሰፋችው ቀዳዳ

በጥቁር ባሕር ዳር ባለው በሲኖፕ ወደብ እንደ ነዛሃት የዓሣ መረብ የሚሰፋም፣ እንደ እሷ የሚራገምም የለም። ባሏ ሩስተም የተቀደደ መረብ ይዞ ሲመጣ እኛ ጎረቤቶቿ ጆሯችንን እንደፍናለን። ባለፈው ሳምንት ያመጣው መረብ ግን ደህና ነበር፤ ውስጡ ግን ሙቱር ከምንላቸው ትናንሽ ዶልፊኖች አንዷ ተይዛ፣ አየር አጥታ ሞታለች። ነዛሃት ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ዛሬ ጠዋት ሩስተም ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ያለው መረብ ዘረጋላት።

"የቀደደችው ሌላ ሙቱር ሳትሆን አትቀርም" አለ እየፈራ።

የተበጠሰውን ክር ዳበሰችው። "በጥሳ ወጥታለች! አልሐምዱሊላህ!"

"ዛሬ እርግማን የለም እንዴ?"

"ዝም ብለህ መርፌውን አቀብለኝ፣ አንተ ሰውዬ!"

ሠላሳ ዓመት ወፍራም ክር ካልሆነ የማትነካው ሴት፣ ያን ቀዳዳ በቀላሉ በሚበጠሰው በቀጭኑ ሰፋችው።