የታረመው አደይ

አበባዬን ከነሥሩ ነቀሉብኝ። ለክፋት አልነበረም ይሉኛል፤ ቢሆንም ነቀሉብኝ። ትናንት ሮማናት አደባባይ ዳር ወጣቶች አበባ ሊተክሉ አፈር ሲያለሰልሱ ቆሜ ሳይ ንዴቱ እንደ አዲስ መጣብኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ከወሎ መጥቼ መቀሌ አንድ ሹም ግቢ ተቀጠርኩ። ሹሙ የበቅሎ ማሰሪያ የነበረውን ደጃፍ አሳዩኝና ለመስቀል ዋዜማ እንግዳ ስላለባቸው በአበባ እንዳስውበው አዘዙ፤ ካልሆነልኝ አገሬ እንድገባም ጨመሩበት። አገሬ የሚጠብቀኝ መሬት አልነበረም።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ንድፉን ያወጣሁት በገመድና በአመድ ነው። መሐል ላይ ክብ፣ ከክቡ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ አራት መደብ። በዓመቱ በቅሎ፣ አብቦ፣ በዓመቱ የሚሞተውን አደይ መረጥኩ። እዚህ ገልገለ መስቀል ይሉታል። ሐምሌ ላይ በመስመር ዘራሁ። ነሐሴ ላይ፣ ቅጠሉ ጠንከር ሲል፣ ንዳድ ጣለኝ።

ስነሣ መደቡ ባዶ አፈር ነው። የግቢው ዘበኛ አቦይ ሐጎስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። የታመመ ሰው እርሻ አረም አይበላውም ብለው፣ ጎረቤት ሰብስበው አርመውልኛል። ለገበሬ አደይ አረም ነው። የቀረው ከበቅሎዎቹ መኖ ወድቆ መሐል ላይ የበቀለው ገብስ ብቻ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ከገብሱ አንዷንም አልነካንብህ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«አቦይ፣ እኔ የዘራሁት የነቀላችሁትን ነው።»

«ወሎ አረም ይዘራል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ለሽማግሌ ነገርኩ። ካሳ ምን ትፈልጋለህ ሲሉኝ፣ የነቀለ እጅ ሁሉ ይትከል አልኩ። ጳጉሜን ላይ አቦይ ሐጎስ እያጉረመረሙ፣ ሰዎቻቸውን አስከትለው፣ ከየማሳው ዳር አደዩን ከነአፈሩ በቅርጫት አመጡ። ዝናቡ ገና አላባራም። አመዱ ታጥቦ ስለነበር እኔ ገመድ ወጠርኩ፣ እሳቸው ተከሉ። ገብሱን ልነቅል ስል እጄን ያዙኝ፤ «እህል ነው» አሉ። ተውኩት።

በዋዜማው አደዩ ቢጫ ሆኖ ፈነዳ፤ መሐሉ ላይ ገብሱ ዛላውን አውጥቶ ቆሟል። እንግዶቹ አበባውን ትተው ገብሱን ከበቡት። ሹሙ፣ ይህን ማን አሰበው ብለው ጠየቁ። የእኔ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? አቦይ ሐጎስ በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«አቦይ ሐጎስ ናቸው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ ሂድ ያለኝ የለም። ትናንት ወጣቶቹን፣ መሐሉ ላይ ገብስ ዝሩበት አልኳቸው፤ ሳቁብኝ። ይሳቁ። አደይም ሲሞት ዘሩን ጥሎ ነው። ንዴቱ ይመለስብኛል እንጂ ነገሩስ ያን ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ አልቋል።