ለሽማግሌው የሰጠኋት ሲጋራ

ታጣቂዎች የያዙኝ ገዘር ክሊኒክ ውስጥ የአንድ ሕፃን ጆሮ እያጠብኩ ሳለሁ ነው። ልጨርስ ብላቸው ቆመው ጠበቁኝ፤ ያን ጊዜ ደህና ሰዎች መስለውኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየመታን ጂንካ ደረስን። የታሰርኩባት ክፍል ቀድሞ የበቆሎ መጋዘን ነበረች። መስኮት የላትም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ጡብ የተነቀለበት ቀዳዳ ብቻ አለ። ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ያጨሳሉ። ማንም ና ተቀመጥ አላለኝም።

ብቸኝነት ሰው የሌለበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰው መሐል ቆሜ መቀመጫ ሳጣ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ።

ፈታሹ የተወልኝ ግማሽ ፓኮ ሲጋራ ኪሴ ውስጥ ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ትንባሆ ከያዘ መጀመሪያ የሚያቀርበው ለታላቅ ሰው ነው። ጥጉ ላይ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ የአሪ ሽማግሌ አየሁ። ልጃቸው ከውትድርና ሸሽቶ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ገበሬ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። አንዲት ሲጋራ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ብዙ አዩዋት። ከዚያ ተቀብለው መረቁኝ፤ ድምፃቸው የጎረነነ ሹክሹክታ ነበር። ብርድ መትቷቸው ነው አልኩ። እስከ መጨረሻዋ አጨሷት፤ ሌሎቹ አተኩረው አዩዋቸው። ከዚያ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጋቢውን ሲያወርዱ ከጆሯቸው ሥር እስከ ትከሻቸው የወረደ ጠባሳ አየሁ። ስጠይቃቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ከጉሮሯቸው ካንሰር ወጥቶላቸዋል። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ ትንባሆ የተወ ብዙ ይቆያል፣ ያልተወ ላይ ግን በሽታው ቶሎ ይመለሳል ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነክተው አያውቁም፤ እኔ እስክመጣ ድረስ። ያን ድምፅ ክሊኒክ ብሰማው ወዲያው እጠረጥር ነበር። የጤና ረዳት ነኝ፤ አፈርኩ።

«ታዲያ ለምን ተቀበሉኝ አባባ?»

«ትንባሆ በሁለት እጅ ሲመጣ እምቢ አይባልም» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ቆመህ ነበር። ማን ያስቀምጥሃል?»

የቀሩኝን ሲጋራዎች ለክፍሉ ካቦ ሰጠሁት፤ እሱም እንደኛው እስረኛ፣ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ነው። በር ዝግ ሳለ የምታጨሱት ጭስ እሳቸውን ይጎዳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለመጸዳጃ ስንወጣ ብቻ ይጨስ ብዬ ለመንኩት። «ዶክተር» ብሎ ሳቀብኝ። ያለችን ደስታ እሷ ብቻ ናት አለ፤ እውነቱን ነው፤ እኔም ራሴ ሱሱ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ሌሎቹም አኮረፉኝ። ሦስት ቀን ከሽማግሌው በቀር ያናገረኝ የለም፤ እሳቸውም ማውራት ያማቸዋል።

በአራተኛው ቀን ካቦው ሲጋራ አወጣ። ክብሪቱን ሊጭር ሲል ሽማግሌው ሳሉ። ሲጋራዋን ጆሮው ላይ ሰካና «በሩ ሲከፈት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት የለኮሰ አላየሁም። ምንም የሌላቸው ሰዎች ያቺንም ለሌላ ሲሉ ተዉ። ጣታቸውን እያሻሹ በሩ እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር።

ከወር በኋላ ሽማግሌው ዕቃዎን ይዘው ይውጡ ተባሉ። ከጋቢያቸው ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። ይፈቱ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወሩ፣ አልነገሩንም። እጄን ይዘው የሆነ ነገር አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ስለነበር አልሰማሁትም።

ከተፈታሁ በኋላ የማውቀውን ሐኪም ጠየቅሁት። በአንዲት ሲጋራ ካንሰር አይመለስም፣ አትጨነቅ አለኝ። በሙያዬ እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ገዘር እኖራለሁ። በየገበያው ቀን የሽማግሌው መንደር ሰዎች ሽንኩርት ይዘው ይመጣሉ። ከእስር በኋላ ስንት ዓመት ኖሩ ብሎ አንዱን መጠየቅ ብቻ ይበቃኛል። ጥያቄው አፌ ላይ ይደርሳል። እስከ ዛሬ ሽንኩርቴን ገዝቼ ነው የምመለሰው።