በግራ እጅ የተሰፋ አንቀልባ

ሣህሌ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከሰሜን ጦር ግንባር ወደ አሰላ የተመለሰው ቀኝ እጁን አጥቶ ነው። ሁሩታ የተዳረችው እህቱ በቀለች ያን ክረምት ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ "አንቀልባውን እኔ ነኝ የምሰፋላት" አለ።

እናቱ ወይዘሮ አፀደ ደነገጡ። "ልጄ፣ ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ?"

"የገበያውንማ ማንም ይገዛላታል፣ እማዬ።"

የለፋ የፍየል ቆዳ ፈልጎ አመጣ። ቆዳውን በጉልበቶቹ መሃል አጥብቆ ይዞ በግራ እጁ በወስፌ ይበሳል፤ ከዚያ ክሩን በመርፌ ያሳልፍና በጥርሱ ስቦ ያጠብቃል። አንድ ቀን ወስፌው አዳልጦት ጭኑን ሲወጋው እናቱ "አምጣው፣ እኔ ልጨርሰው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጣቸውም። የተጣመመውን ስፌት ፈትቶ እንደገና ጀመረ።

ለክርስትናው ሁሩታ ወረደ። በቀለች አንቀልባውን አገላብጣ አየችና ማንገቻውን በሁለት እጇ ይዛ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተችው። ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

"እሰይ የኔ ወንድም! በል ና፣ ልጁን ጀርባዬ ላይ ደግፍልኝ" አለችው።

ሣህሌ ሕፃኑን በግራ ክንዱ አቅፎ እህቱ ጀርባ ላይ አስደገፈው፤ እሷም ማንገቻውን አጥብቃ አሰረች። ልጁ ትንሽ ተነጫነጨና እንቅልፍ ወሰደው።