ወንድሜን አንቱ ማለት

ታናሽ ወንድሜ ባሕታዊ ነው። ኩልመስክ ገበያ ላይ ያስተማረው፣ እሱ ራሱ ሳይመጣ በሰው ስልክ ደረሰን። «ለተዝካር ብላችሁ የእርሻ በሬ አትሽጡ። ጸሎቱን አድርሱለት፤ በሬው ግን ይረስ» ይላል። ሰዉ ሰምቶት ድግስ የተወም አለ አሉ።

እኔ ላሊበላ ጌሾና ብቅል ነው የምሸጥ። ተዝካር ከሌለ ጠላ የለም፤ ጠላ ከሌለ እኔም የለሁም። ትምህርቱን ገና ከሩቁ አልወደድኩትም።

ቅዳሜ መጣ። ቢጫውን ለብሶ፣ መስቀሉን ይዞ መደቤ ፊት ቆመ። ከሌላ አገር የመጡት ተሳላሚዎች «አባታችን ይባርኩን» እያሉ ጉልበቱን ይስማሉ። የሰፈሬ ሰው ግን የሚያየው እኔን ነበር። ነገሩ ገብቶኛል። ታላቁ ነኝ፤ እኔ አንቱ ካልኩት ሁሉም አንቱ ይለዋል።

ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ጠጋ አለች። ተዝካሩ ደርሶባታል። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ከሰው በሬ ጋር አቀናጅታ ታሳርስበታለች።

«አያ፣ ወንድምህ የሚሉት ከእግዜር ነው? በሬዬን ባልሸጥ ባሌ አይቀየመኝም?»

ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ጣለ። አፌ ቀደመኝ።

«አንተ» አልኩት ወንድሜን፣ «ተዝካር ዛሬ ነው ያስጠላህ? ዱሮ ዳስ ባየህበት ከውሻ ቀድመህ ትገባ አልነበር?»

ገበያው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ «እኛ ቤትማ ንፍሮውን ከነድስቱ ይዞ ነው የጠፋ» አሉ።

ወንድሜም ፈገግ አለ፤ እውነት ነበራ። «ርቦኝ ነበር» አለ። ወደ ሴትዮዋም ዞሮ «እህቴ፣ በሬውን አትሽጪ» አላት። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለኩልመስክ ሰው የተለየ ቃል አልነገረውም። እነሱ የሚያውቁት ከመስቀሉ ወዲህ ነው፤ እኛ ከንፍጡ ጀምሮ። የሳቁበትን ሰው መፍራት ይቸግራል። ካልፈሩት ደግሞ በማን ቃል የአባት የእናታቸውን ልማድ ይተዉ? ይህን ሁሉ የማውቅ ነጋዴ ነኝ፤ የትኛው ቃል ዕቃ እንደሚያረክስ አይጠፋኝም።

ወንድሜ ያን ዕለት በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ በእግሩ ሄደ። አልሸኘሁትም፤ ገበያ ነበረብኝ።

በሬው በሳምንቱ ተሸጠ። ጌሾውን ከእኔ ወሰደች። ጥሩ ጥሩውን መረጥኩላት፤ ከዚያ በላይ ምን ላድርግ። ድግሱ ያማረ ነበር፤ እኔም በላሁ።

ሰኔ ሲገባ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ካለፈው ግማሹን ነው እንግዲህ ከልጆቿ ጋር የምትበላው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋትና «እርሻው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ምን እርሻ አለኝ፣ አያ» አለች፤ በቁጣም አይደለም። እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁላት።