ባለ አሥራ ስድስት ማዞሪያው ዋሽንት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩን በጣቱ ዳሰስ ሲያደርገው ዋሽንት ወጣ። ቁልጭ ያለ ዋሽንት። «ይህን ለማውጣት ስንት ቀን ፈጀብህ?» አልኩት። እንደ ጅል አየኝ። እኔ ግን ይህችን ድምፅ ፍለጋ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍዳዬን አይቻለሁ።

ያኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ቤተክርስቲያናችን እንግዶች ጥለውት የሄዱት አንድ አሮጌ ሲንተሳይዘር፣ እኛ ኦርጋን የምንለው፣ ነበራት፤ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። የምጫወትበት እኔ ነበርኩ። ድምፆቹ ግማሾቹ ወፍጮ፣ ግማሾቹ አምቡላንስ ይመስላሉ። እነሱን ለመለወጥ ደግሞ ጥፍር በምታክል መስታወት ላይ እያፈጠጡ አንዲቱን ቁልፍ መቶ ጊዜ መጫን ነው። በዚህ መሃል አብሮን የሚዘምረው ታሪኩ፣ ቴፒ ላይ ሬዲዮ የሚጠግነው፣ ከአዲስ አበባ አሥራ ስድስት ማዞሪያ ያለው ሳጥን ይዞ መጣና ሚዲ በሚሉት ገመድ ከሲንተሳይዘሩ ጋር አገናኘው።

«ሳጥኑ ራሱ ድምፅ የለውም» አለኝ። «ያዛል እንጂ አይሠራም።»

«እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር?»

«ዝም በይ፣ አስቴር! ሰው ይሰማል።»

በዚያው ሰሞን ሸዋ ቤንች አዲስ ቤተክርስቲያን ሊመረቅ ሆነና በቤንችኛ የሚዘመር፣ ዋሽንት የሚሻ መዝሙር ተዘጋጀ። ዋሽንት ነፊ ቢፈለግ የተገኙት ሁሉ የቦርዴ መጠጥ ቤት ደንበኞች ሆኑ። «ማሽኑ ዋሽንት መሆን ይችላል» አልኩ፤ ማን ጠየቀኝ? ከቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁሉ ኮስታራው ጋሽ ማርቆስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማሽን ትንፋሽ የለውም፣ ልጄ። ከሆነልሽ እሰየው። ካልሆነ ዕቃውን ቴፒ ላለው ቤተክርስቲያን እንሰጣለን፤ አንቺም ወደ ማጨብጨብሽ ትመለሻለሽ።»

ያንን ዕቃ እወደው ነበር። እናም ከታሪኩ ጋር ማዞር ጀመርን። አንዱን ስንነካ ድምፁ ይታፈናል፣ ሌላውን ስንነካ ነፋስ ይገባበታል፣ ሦስተኛውን ስንነካ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በሦስተኛው ሳምንት ዋሽንት መሰለ። ችግሩ፣ የሲንተሳይዘሩ የውስጥ ባትሪ ስለሞተ ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዞሪያ የቆመበትን ቦታ በቀይ ጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ። ጥፍር ቀለሙ የእኔ ነበር። እኛ ቤት ጥፍር መቀባት ከኃጢአት ስለሚቆጠር ፍራሽ ሥር ነበር የምደብቀው።

የምረቃው ቀን በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ አየሩ የእሸት ቡና ገለባ ይሸታል። እናቴ የቀቀለችውን ጎደሬ በዳጣ እያጠቀስን እየዘመርን ደረስን። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሳጥኑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ብገልጥ እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። አንዲት ቀይ ነጥብ የለችበትም።

እናቴ ከፊት ወንበር ፈገግ አለችልኝ። «በላምባ ወልውዬ፣ አልለቅ ያለውን በቢላ ፋቅኩት» አለች። «በጌታ ቤት ዕቃ ላይ ጥፍር ቀለም! የማን ባለጌ እንደሆነች ባወቅሁ!»

ከዚያ በግምት ማዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጣው ጉሬዛ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጫካ ውስጥ የሚያገሳው፣ ራሱ ጉሬዛው። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፣ በር ላይ የተኛው ውሻ ተነስቶ ጮኸበት። ቀጥሎ የተቆጣ ንብ ወጣ። ታሪኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ከልቡ ሲጸልይ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ማርቆስ ተነሱ። ጄኔሬተሩን ሊያስጠፉ መስሎኝ ነበር። መጥተው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

«ነፋሱ በዛ፤ ቀንሺው። አይደለም፣ አይደለም! መጀመሪያ ከንፈር ነው የሚነካው፣ ድምፁ ኋላ ነው የሚመጣው። እስቲ ዞር በይልኝ።»

ሬዲዮ እንኳ ሰው ካልከፈተላቸው የማይነኩት ሰውዬ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ይዳስሱ ጀመር። እኔ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ቆሜያለሁ። ድምፁ ጠራ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ዋሽንት ሆነ። እኔና ታሪኩ ካገኘነው የሚበልጥ ዋሽንት። አሮጊቶቹ እልል አሉ። መዝሙሩ አልቆ ሰባኪው ቢቆምም ጋሽ ማርቆስ ከሳጥኑ አልተነሱም።

«ጋሼ፣ ስብከት ደርሷል» አላቸው ሰባኪው።

«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ይቀረዋል።»

ዕቃው ቀረልን፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው «የትም አይሄድም» ያሉት። ስንመለስ ግን የመኪናው ሰው ሁሉ ወሬው «የጋሽ ማርቆስ ዋሽንት» ሆነ። የእኔን ስም ያነሳ የለም። ኩርፊያዬን ያየችው እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በወጣትነታቸው እኮ ሸኮ ላይ ያለ እሳቸው ዋሽንት ደቦ አይወጣም ነበር። ጌታን ሲቀበሉ የዓለም ነገር ነው ተብለው በገዛ እጃቸው እሳት ውስጥ ጣሉት። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል።»

ሰማኋት፤ ኩርፊያዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከሁላችንም ቀድመው እየመጡ ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ እኔም ማዞሪያ ለመንካት ፈቃድ ጠያቂ ሆኜ ቀረሁ። ይህንንም ቂም ያዝኩባቸው።

ጋሽ ማርቆስ ካረፉ ቆይተዋል። ያን ቀን ሄጄ «እንኳን ደስ አለዎት» ብላቸው ምን ነበረበት? አላልኳቸውም፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሦስት ሳምንት ለፋሁ ብዬ ያኮረፍኩት ሠላሳ ዓመት ዝም ባሉ ሰው ላይ ነው።