በጋሼ መኪና ኮፈን ላይ

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ስድሳዎቹን አጋምሷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ በየእርከኑ እመብርሃንን ይጠራል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቱታውን ለብሶ፣ ሄልሜቱን ደፍቶ፣ በመስኮት ተጣጥፎ የእሽቅድምድም መኪና ውስጥ ይገባል። ስቶክ ካር የሚሉት ይኼ መኪና በሩ የተበየደ ስለሆነ በመስኮት ነው መግቢያው። እኔ ከኋላው ሆኜ እገፋዋለሁ።

«ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!» ይለኛል። እኔ ልጅ! የልጅ ልጅ አይቻለሁ እኮ።

ጋሼ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የሚወዳደረው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ እርሻ መሃል ባለች ክብ የአፈር ሜዳ ላይ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ነው። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጥጣል። ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው። ጎማና ነዳጁን ደግሞ ስፖንሰር ካልቻለለት በጡረታ አይሞከርም። ስፖንሰሩ ከቀረ ቅዳሜም እንደሌላው ቀን ሊሆንበት ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የስቲከር ማተሚያ ሱቅ አለኝ። የስፖንሰሮቹን ስም ኮፈን ላይ የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ፤ ነጂው ሲያረጅ ስፖንሰሩም አብሮት ያረጃል። የጋሼ ጓደኛ የሆነ አንድ ቀይ ፈረንጅ ሽማግሌ በጎረምሳነቱ ኮፈኑ ላይ ቢራ ነበር። ቆይቶ ጎማ ሆነ። ከዚያ የጉልበት ቅባት፣ ከዚያ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ። አሁን የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ይዞ ይሮጣል። ጋሼ እሱን ባየ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ሰውዬው ሳይሞት ሬሳ መኪና ይነዳል!»

የጋሼ ስፖንሰር የበሬ ቋሊማ የሚያመርት ኩባንያ ነበር። ባሸነፈ ቀን ካሜራ ፊት ቆሞ ቋሊማውን ሊገምጥ ተስማምቷል። አሸንፎ ስለማያውቅ አንድም ቀን አላስቸገረውም። ባለፈው ክረምት ግን የኩባንያው አዲሱ የማርኬቲንግ ልጅ ኮል አደረገለትና ቁርጡን ነገረው፤ ዘንድሮ ያ ፎቶ ካልተገኘ ስፖንሰርነቱን ለወጣት እንሰጣለን።

እግዚአብሔርም ይቀልዳል መሰለኝ፣ ጋሼ አሸነፈ! ቀዳሚዎቹ ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው ሲሽከረከሩ እሱ በታክሲው ዘመን ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ እንደለመደው በመሃላቸው ሹልክ ብሎ አለፈ። እልልታዬን ሳልጨርስ ትዝ አለኝ። ፍልሰታ ነው! ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም!

ልጁ ሰናፍጭ የፈሰሰበት ትኩስ ቋሊማ ይዞ እየሮጠ መጣ። ካሜራው ተደቀነ። ሕዝቡ «ባይት! ባይት!»፣ ግመጠው ግመጠው እያለ ይጮኻል።

«ግመጠውና ንስሐ ግባ!» አልኩት በአማርኛ። «የነፍስ አባትህን እኔ አነጋግርልሃለሁ!»

«በእመቤታችን ጾም? አብደሻል?»

ቋሊማውን አየው። ልጁን አየው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፣ መዘዝ አላት። «እንዲህ ባለ ቀን ሰው ሳያጎርሱ!» አለና ከቋሊማው ቆርሶ ወደ ልጁ አፍ ላከው። ማን አጉርሶት ያውቃል ያንን ልጅ? ደንግጦ አንገቱን ሲያዞር ጉርሻው አፍንጫው ላይ አረፈ፤ ሰናፍጩ በነጭ ሸሚዙ ወረደ። ጋሼ ደግሞ ነገሩን የሚያሳምር መስሎት ሁለተኛውን ቆረሰ።

«አንድ ያጣላል!» እያለ ተከተለው። ልጁ እግሬ አውጪኝ አለ።

እውነትም አጣላ። ሰኞ ጠዋት ስፖንሰርነቱን ካንስል አደረጉት።

የቋሊማውን ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ ከኮፈኑ የላጥኩት እኔው ነኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ተናደድኩበት። «አንዴ ብትገምጥ ምን ነበር?» አልኩት።

«ለሷ ምን እላታለሁ?»

«ለእመቤታችን?»

«ለባለቤቴ» አለኝ። «በፍልሰታ ውኃ እንኳ በሰዓት ነበር የምትጠጣው።»

አንጀቴን በላው። ቀጣዩ ቅዳሜ ሶፋው ላይ አለፈ። ከዚያ የሚቀጥለውም።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ የእድራችን ዳኛ ሱቄ ድረስ መጡ። ሰማንያን ያለፉ፣ ከራባት የማይለያቸው ሰው ናቸው። የእድሩን ስም በትልቁ አትመሽ በጋሼ መኪና ኮፈን ላይ ለጥፊልን፣ ጎማና ነዳጁን እድሩ ይችላል አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ ይተዉ!» አልኳቸው። «የቀብር እድር በእሽቅድምድም መኪና ላይ? ሟርት ነው እኮ! ሰው ምን ይላል?»

«ልጄ፣ ባለቤቱን በወግ ቀብረናል። እሱንም ቀኑ ሲደርስ እንቀብረዋለን» አሉኝ። «እድራችን ሰው ሳይሞት ደግፎ አያውቅም። አንድ ሰው እንኳ በሕይወት እያለ እንርዳ ብለን ተስማማን።»

ማተሚያው ላይ አቀርቅሬ ነው የሠራሁት፤ እንባዬን እንዳያዩ።

ቅዳሜ ዕለት ያ ቀይ ፈረንጅ ሽማግሌ የጋሼን ኮፈን አይቶ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀ። ጋሼ ተርጉሞ ነገረው። ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። የሳቅ ተራው ደረሰው፤ ምን ይደረግ!

እድርተኞቹ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የለቅሶውን ድንኳን ሜዳው ዳር ተከሉ፣ ወንበሩን ደረደሩ፣ የጾም ያልሆነ ምሳ ተከፋፈለ። ለጋሼ ባለቤት የተለቀሰው በዚያው ድንኳን ሥር ነበር። አሁን አንዱ ስለ ጋሼ ደግነት ያወራል፣ ሌላው ታክሲ ሲነዳ ለአዲስ መጪ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ያስወጣው እሱ ነበር ይላል፣ ሴቶቹ «እውነት ነው» ይላሉ። ጋሼ ሄልሜቱን ታቅፎ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰማ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ መኪናው ሄደ፤ እኔም ሄጄ በመስኮቱ ገፋሁት።

መጨረሻ ወጣ። ድንኳኑ በሙሉ ተነሥቶ እልል አለለት።