የአካ ራሰምና የአባቴ ሆድ

አባቴ በረዶ ማኘክ ሲጀምሩ ነገሩ ገባኝ ብል ውሸት ነው። ምንም አልገባኝም። ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ «ጥርስ ይበላል» ብለው የማይጠጡ ሰው፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በረዶ በብርጭቆ ሞልተው እንደ ቆሎ ሲቆረጥሙ እያየሁ «አባባ አሜሪካንን ለመዱ!» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ከንፈራቸው ነጥቶ ነበር። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከመጀመሪያው ልነሳ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አፓርትመንት እኖራለሁ። አባቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ቪዛውን አስረዝመን እኔ ዘንድ ቆዩ። ብዙም ሳይሰነብቱ ሆዳቸው እምቢ አለ። ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንጀራ የምንለው የፈረንጅ ዱቄት ነው፤ ሆድ ገብቶ እንደ ስሚንቶ ይቀመጣል። አባቴ ግን ማማረር አያውቁም። «እንዴት አደሩ አባባ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ቤት ቢቃጠል እግዚአብሔር ይመስገን ነው። እንዲህ ያለ ሰው መታመሙ የሚታወቀው ባዕድ ሲያየው ነው።

ያየቻቸው በር ለበር የምትኖር ሕንዳዊት ናት፤ ከደቡብ፣ ከታሚሎች አገር። ባሏ የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል። የእሷ ቪዛ ሥራ አይፈቅድም፤ ሶ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ታላቅ እህቴን ታክላለች። «አካ በይኝ» አለችኝ፤ በቋንቋዋ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። አባቴንም ወዲያው «አፓ» አለቻቸው፤ አባት ማለት ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ቆመው አገኘቻቸውና፣ ከሥራ ስገባ ወጥ ቤቴን ይዛዋለች።

አባቴ ቀጭን ቀይ ሾርባ ፊት ተቀምጠው ያልባቸዋል። ራሰም ይባላል። ሲያዩት ውኃ ነው። ቁንዶ በርበሬው፣ ከሙኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ተማሪንድ የሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ ግን ዓይን ያስነባሉ። «ሆዱ ተኝቷል» አለችኝ አካ፤ «መጀመሪያ መቀስቀስ፣ ከዚያ ማብላት።» አባቴ አፍንጫቸውን ጠረጉና «ይቺ ሴት መምህር መሆን ነበረባት» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የእሷ እንግዳ ሆኑ። ጠዋት ኢድሊ ታመጣለች፤ ሩዝና ጥራጥሬ አብሮ ተፈጭቶ፣ አድሮ ቦክቶ፣ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ቂጣ ነው። አባቴ ገና ሲያሸቱት «ይሄስ ቡኮ ያውቃል!» አሉ። የቦካ ነገር ግማሹን ሥራ ጨርሶ ነው ሆድ የሚገባው ትላለች አካ። ከእራት የተረፈ ሩዝ ላይ ማታ ውኃ ጨምራ ታሳድርና፣ ጠዋት ጎምዘዝ ሲል በጨውና በቀይ ሽንኩርት ታበላቸዋለች። የድሀ ምግብ ነው፤ የገበሬ ቁርስ ነው። አንጀት የሚያርሰው ግን እሱ ነው። ሆዳቸው ሲነፋ ነጭ አዝሙድ ታፈላለች። ከምሳ በኋላ ቀጠን ያለ አሬራ በዝንጅብል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጥቁር ገንፎ፤ ከነገለባው ከተፈጨ ጥቁር ጥራጥሬና ከዘንባባ ስኳር የሚሠራ፣ ለወገብና ለአንጀት የሚሆን። አባቴ እንግሊዝኛቸው የመጽሐፍ ነው፣ የእሷ ደግሞ እንደ ባቡር የሚሮጥ፤ አይግባቡም። ግን አንዱ መዳፍ ላይ አብሽ፣ ሌላው መዳፍ ላይ ከሙን ይዘው ሲከራከሩ ደርሼባቸዋለሁ። አብሽ ለሆድ እንደሚበጅ እኛም እናውቃለን እኮ! አባቴ ይህን ሳያስረዷት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

እውነቱን ለመናገር ሆዳቸው ተመለሰ። ለሰለሰ። ፓርኪንጉን ዞረው መምጣት ጀመሩ፣ ቀበቷቸውን አጠበቁ፣ ቀልድ አመጡ። ክፋቱ ይሄ ነበር። ሆዳቸው ዳነ ብለን ዓይናችንን ከእሳቸው ላይ አነሳን።

እኔ አነሳሁ ማለቴ ነው። አካ አላነሳችም። የእሷ ምግብ ከጥያቄ ጋር ነው የሚመጣው። በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ትይዘኝና፣ እንዲህ ፊት ለፊት፣ «አፓ ዛሬ ወጣለት? ቀለሙ ምን ይመስላል?» ትለኛለች። በስመ አብ! ጎረቤት ይሰማል ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብዬ ወደ መኪናዬ እሮጣለሁ። «በእኛ ቤት እናት ልጆቿን ጠዋት መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ነው» አለችኝ አንድ ቀን ተቆጥታ። «የገባውን ብቻ እያየሽ ሰው አበላሁ አትበይ። የወጣውንም እዪ።»

የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ነው። ጋርላንድ ውስጥ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። ለአገር ቤት ዘመድ ሁሉ፣ ለአባቴም ጭምር፣ ነርስ ነኝ ብያለሁ። ነርስ አይደለሁም። ሽማግሌ የማጥብ፣ ዳይፐር የምቀይር ሠራተኛ ነኝ። የማላውቀውን ፈረንጅ ሁሉ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ድርቀቱን አይቼ ስመዘግብ ነው የምውለው። የእሱን ቀለም አውቃለሁ፣ የእሷን አውቃለሁ። የወለዱኝን ሰውዬ ግን መጠየቅ አልችልም። አባቴ እኮ ፊታቸው እግር የማይሰቀልባቸው ሰው ናቸው! እንዴት ብዬ?

ሁዳዴ ገባ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አካ ነገሩ ሲገባት አሬራውን ራሷ ተወችው፤ እሷ መቼም ዓመቱን ሙሉ ሥጋና እንቁላል አትነካም፤ አባቴ «ከእኛ ይልቅ ጾመኛዋ እሷ ናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስግደቱ ግን ጉልበታቸውን ያዘው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ክኒን አሳያቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ የሚገዛ፣ እዚህ አገር ሰው እንደ ከረሜላ የሚውጠው። ጠዋት በባዶ ሆድ ይውጡትና ይሰግዳሉ። አይቻለሁ። ማንም ይውጠዋል፣ ምን አለበት አልኩ።

በረዶውን የጀመሩት በጾሙ መካከል ነው። ቀጥሎ ደረጃው ከበዳቸው። ፓርኪንጉን መዞር ቀረ። እግራቸውን ሰቅለው ሲተነፍሱ ከወጥ ቤት ይሰማኛል። «ምን ሆኑ አባባ?» «ጾም ነው ልጄ፣ ጾም ይደክማል። እግዚአብሔር ይመስገን።» አካ ደግሞ ራሰሟን አቅርባ፣ ሲበሉ ሳይሆን ጥፍራቸውን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቂው» አለች። «ዛሬውኑ ጠይቂው።» ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አስፈራችኝ።

ጠየቅኳቸው። እንዴት እንደጠየቅኳቸው እኔና ግድግዳው እናውቃለን። ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ እያጠብኩ፣ «አባባ፣ ማለቴ፣ ወደ ውጭ ሲወጡ… ሆድዎን… ደህና ነው?» አልኩ። ውኃውን ዘጋሁት። «ያቺ ሴት ናት የላከችሽ?» አሉ። ቀጥለውም፣ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተከሉ፣ «ጠቆር ብሏል። ገንፎዋ ነው። ጥቁር በልቶ ነጭ ይወጣል እንዴ?» አሉና ሳቅ አሉ።

ኡፍ አልኩ! በማግስቱ ሥራ አልነበረኝም፤ ለአካ ልነግራት፣ ልስቅባትም ጭምር፣ በሯን አንኳኳሁ። ምጣዱ ላይ ቅመም እየቆላች ነበር። «ሰውዬውን በገንፎሽ አጠቆርሽው!» አልኳት።

ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ።

«የቱ ገንፎ?»

«ጥቁሩ ነዋ።»

«ጾም ከጀመረ ወዲህ አልሠራሁም» አለች። «ቅቤ አለበት። እስከ በዓላችሁ ድረስ ተዪው ያለኝ ራሱ አፓ ነው።»

ቅመሙ ማረር ጀመረ። ሁለታችንም አላነሳነውም። የማውቀውን ሁሉ፣ በየቀኑ የምጽፈውን ሁሉ፣ ያን ጊዜ አወቅኩት። ጥቁር ማለት ደም ነው። ሆድ ውስጥ የቆየ ደም። ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት እንዲያ ስትሆን ሮጬ ነርስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

አካ እሳቱን አጥፍታ በባዶ እግሯ ተሻገረች። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ያደረው ሩዝ ፊታቸው ነው፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ምንም ሳትናገር የዓይናቸውን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበች። የአባቴን ፊት ከእናቴ በቀር የነካ ሰው አላየሁም። ውስጡ ቀይ መሆን ነበረበት። ነጭ ነበር። አካ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳች።

«ምግብ የለም» አለች። «የእኔ ምግብ ለደከመ ሆድ ነው። ይሄ የተበሳ ሆድ ነው። ሆስፒታል።»

አባቴ ሳህን ከፊታቸው ሲነሳ! የዚያን ዓይነት ቁጣ ዳይሬክተር ሳሉ እንኳ አላየሁም። «እንዴት ደፈርሽ!» ብለው በአማርኛ ጮኸው ተነሱ። ሁለት እግራቸው ላይ ግን አልቆዩም። ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ እሱኑ ይዘው ወደቁ። ናይን ዋን ዋን ኮል ያደረገችው አካ ናት፤ እኔ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ «አባባ፣ አባባ» ከማለት በቀር አፌ ሌላ ቃል አልያዘም።

ኢመርጀንሲ ላይ ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ክኒኑ ባዶ ሆድ እየገባ ጨጓራውን በልቶታል፤ ደሙ ለሳምንታት ሲንጠባጠብ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ የደም ሥሩ ተበጥሷል። ምግቡ አልጎዳቸውም፤ ሕመሙን እያስታገሰ ሳይደብቀው ግን አልቀረም። ኦፕሬሽን ያስፈልጋል፣ ደማቸው አንሷል፣ በረዶ የሚያስቆረጥማቸውም እሱ ነው፣ ልባቸው መቻሉን አናውቅም አለ። ደም ሰቀሉላቸው። እኔ እዚያው መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ሽታውን አወቅኩት። ጥቁር ደም ወጥቶባቸው አልጋው ተበላሽቷል። ከሥራዬ ብዛት ያንን ሽታ ከሌላው ለይቼ አውቀዋለሁ።

ነርሷ ሙቅ ውኃና ፎጣ ይዛ መጣች። «እኔ አጥባቸዋለሁ» አልኳትና ተቀበልኳት። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ውጪ» አሉኝ።

«አልወጣም።»

«ልጄ ነሽ። ነውር ነው። ውጪ ብዬሻለሁ!»

አንሶላውን ገለጥኩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል፣ እኔ ግን አለቅስ ነበር፤ ንዴት ይሁን ሐዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። «ገንፎው እንዳልሆነ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው? ምነው አባባ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አይደል ያሳደጉኝ?» ጮኽኩባቸው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ።

ፎጣውን ነክሬ ጎንበስ ስል፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው ስታጸጂ ትውያለሽ» አሉኝ። «ቤትሽ ስትገቢ እንኳ ትረፊ ብዬ ነው።»

ነርስ ነኝ ብያቸው ነበር እኮ። መቼ እንዳወቁ፣ ከማን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም። ፎጣውን ጨመቅኩና ቀጠልኩ። ጨርሼ፣ ንጹሕ ልብስ አልብሼ፣ ጉልበታቸውን ሳምኳቸው። ከዚያ አልጋውን ገፍተው ወሰዷቸው። ልባቸው አልቻለም። ከኦፕሬሽን ክፍሉ በሕይወት አልወጡም።

በማግስቱ አስከሬናቸውን አጥበው ሊገንዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሆስፒታል መጡ። ትልቁ ሰውዬ በደግነት፣ «ልጄ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው፤ አንቺ ውጪ» አሉኝ። አካ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ እጇን ዘርግታ ጠራችኝ። እኔ ግን እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ውኃው አጠገብ ቆሜ ነበር። አልወጣሁም።